ለሦስት የተቆረጠው መጽሐፍ

እኔ የጀመርኩትን የማልጨርስ ሰው ነኝ። ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ ተውኩት። ከማዳሜ ቤት ኮንትራቴን ሳልጨርስ ወጣሁ። ሹራብ እንኳ ጀምሬ፣ አንድ እጅጌ ሠርቼ፣ አልጋ ስር ወሽቄዋለሁ። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ጅምርሽ ብዙ፣ ፍጻሜሽ የለ» ትለኝ ነበር። እናም ባለፈው ዓመት መግቢያ ላይ «ዘንድሮ አሥራ ሁለት መጽሐፍ እስከ መጨረሻው ገጽ አነባለሁ» ስል፣ ቤይሩት፣ ዶራ ሰፈር፣ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን የምንኖረው ሁለቱ ጓደኞቼ በሳቅ ፈረሱ።

«ያኒ፣ ማለት አንቺ?» አለች ታናሻችን። «የሻምፖ ጠርሙስ ላይ ያለውን እንኳ አንብበሽ አትጨርሺም!»

እልህ ያዘኝ።

የአማርኛ መጽሐፍ ቤይሩት ውስጥ እንደ ልብ አይገኝም። የሚመጣው በሰው ሻንጣ፣ በበርበሬና በሽሮ መሃል ተጠቅጥቆ ነው። መጀመሪያ የደረሰን የፍቅር ልብ ወለድ ነበር። ሦስታችንም «እኔ ልቅደም» ብለን ተጨቃጨቅን። መዝረዓ ሰፈር ቤት የምታጸዳው ታላቃችን ንትርኩ ሲሰለቻት የሽንኩርት ቢላዋ አነሳችና መጽሐፉን ከጀርባው ለሦስት ቆረጠችው። እንደታረደ ሰው ጮኽኩ።

«ኸላስ፣ በቃ!» አለች። «አንዷ አንዱን ክፍል ስትጨርስ ለተከታይዋ ታቀብላለች። ቀድማ ያነበበች ደግሞ አፏን ትዘጋለች።»

ከዚያ ወዲህ ያልቆረጥነው መጽሐፍ የለም። ታናሻችን ፈጣን ስለሆነች ሁልጊዜ ትቀድመኛለች፤ አፏን ብትዘጋም ፊቷ ያወራል። እኔ ግን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልኩ፣ ቫን ውስጥም ደረጃ ላይም አነበብኩ። የዚያ የፍቅር መጽሐፍ ጀግና «እወድሻለሁ» ለማለት መጽሐፉን ሙሉ የፈጀ ልፍስፍስ ነው፤ ባገኘው በጥፊ አጮለው ነበር፤ ቢሆንም ወደድኩት። ከሁሉ የወደድኩት ግን ዶሮ እርባታ የከፈተችውን መበለት ታሪክ ነው። ዶሮዎቿ በበሽታ ያለቁ ዕለት ሐዘን ገብቶኝ ስተኩስ የነበረውን የሰው ሸሚዝ አሳረርኩ።

አሥራ ሁለተኛው የወንጀል ታሪክ ነበር። አንዲት ሴት የሞተ አጎቷን ቤት ቁልፍ ትወርሳለች፤ ሌሊት ሌሊት ግን ከዚያ ቤት ሳል ይሰማል። ሴትዮዋ ቁልፉን በሩ ላይ ስትሰካ ሁለተኛው ክፍል አለቀብኝ። ሦስተኛው ታናሻችን ጋ ነው። እሷ ደግሞ በዚያው ሳምንት ከሊባኖስ የመውጫ ወረቀቷ ድንገት ደርሶላት፣ በእልልታ ሸኝተናት አገሯ ገብታለች፤ መጨረሻውን በሻንጣዋ ይዛ! ስደውል ስልኳ አይሠራም፤ ገጠር ናት። ዓመቱ ሊያልቅ ነው። እውነቴን ነው፣ አለቀስኩ። እንደገና የእናቴ ቃል ሊፈጸምብኝ ነው ብዬ።

የዓመቱ የመጨረሻ እሑድ ከታላቃችን ጋር ወደ አንጠልያስ፣ ወደ ጸሎት አዳራሻችን፣ በቫን ስንሄድ ስልኬ ጮኸ።

«ከተማ ወጥቼ ነው፤ መጽሐፉን ይዣለሁ» አለች ታናሻችን። «ላንብብልሽ?»

የሞተሩ ጩኸት ስለበዛ ስልኩን ስፒከር ላይ ለቀቅኩት። ቫኑ ውስጥ የነበሩት ያገሬ ልጆች ወሬያቸውን አቋረጡ። አንዷ ሹፌሩን «ሙሲዮ፣ ራዲዮውን፣ ሲልቩፕሌ!» ብላ ለመነችው፤ ዘጋልን። ታናሻችን ማንበብ ጀመረች፤ የአጎትየው ቤት በር ተከፈተ። አጎትየው ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል!

ቫኑ በጩኸት ተናጋ።

«አላልኩም?» አለች ከኋላ አንዷ፤ ታሪኩን መስማት ከጀመረች ገና ሁለት ገጽ አልሆናትም።

ሹፌሩ «ያላ፣ አንጠልያስ!» ብሎ ቆመ። ማንም አልወረደም። ታላቃችን በእጇ «ንዳው፣ ንዳው» አለችው። ትከሻውን ነቅንቆ ነዳው። እየሳቅን፣ አጎትየውን እየረገምን፣ አንጠልያስን ወደኋላ ትተን ሄድን።

ታናሻችን የመጨረሻውን ገጽ አነበበችልን። ወረቀት ሲታጠፍ ተሰማኝ።

«አለቀ» አለች። «ጨረስሽ።»

ይህን ቃል በሕይወቴ ማንም ብሎኝ አያውቅም። «እስቲ ድገሚው» አልኳት።

«ጨረስሽ!»

መንገድ ዳር ወርደን ወደ አንጠልያስ በእግራችን ስንመለስ፣ ያቺ «አላልኩም» ባይ ከኋላዬ ሮጣ ደረሰችብኝና የመጽሐፉን የመጀመሪያ ክፍል ልታነብ ከቦርሳዬ አስወጣችኝ።