ለአንድ ሰው የመጣ ወረቀት

ወረቀቱ የመጣው በጥር ነው። ልጄ ደጋግሞ አነበበልኝ፤ እኔ ደግሞ እሱ ሲወጣ ጠብቄ ከሣጥኑ አውጥቼ በራሴ ዓይን አየሁት። አራተኛ ክፍል ድረስ ስለተማርኩ ቀስ ብዬ ካነበብኩ ይገባኛል። ከባሕር ማዶ ያለች አንዲት አዲስ ቤተ ክርስቲያን ካህን ትፈልጋለች ይላል። ምእመኖቹ የዚያው አገር ሰዎች ናቸው፤ ሃይማኖታችንን ከተቀበሉ ገና ጥቂት ዓመታቸው ነው። ቅዳሴውን የሚያውቅ፣ የአገራቸውንም ቋንቋ ለመማር የሚተጋ ሰው ላኩልን ብለዋል። ቲኬቱም ማደሪያውም ለአንድ ሰው ነው። የሚስት ጉዳይ ወደፊት ይታያል ይላል።

ልጄ ያን ጊዜ ዲያቆን ነበር፤ ሚስት አልነበረውም። በእኛ ሥርዓት ዲያቆን አግብቶ ነው የሚቀስሰው፤ ከቀሰሰ በኋላ ማግባት የለም። ሚስቱ ጥላው ብትሄድ እንኳ ሌላ ካገባ ክህነቱ ይቀራል። በዐቢይ ጾም ደግሞ ሠርግ የለም፤ ሰዎቹም ለፋሲካ ይድረስልን ብለዋል። ስለዚህ ጾሙ ሳይገባ ሁሉም ማለቅ ነበረበት፤ የቀረን ሦስት ሳምንት ነው።

"እማዬ፣ እዚያ እኮ የታመመ ሰው ሳይቆርብ ይሞታል። ካህን የሚመጣላቸው በዓመት አንዴ ነው" አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ከልቡ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የፈራሁትም ለዚሁ ነው።

አባቱ ካረፈ ቆይቷል፤ ሽማግሌ ሆኖ የሄደው ወንድሜ ነው። ቁይ ተወልዳ ያደገች፣ ደብረ ማርቆስ በስፌት መኪና ጥልፍ የምትጠልፍ የጨዋ ልጅ አለች ተባለ። ልጄም አንድ ቀን በሰው መሀል አይቷት ወዷታል። ወንድሜ ከቁይ ሳቅ በሳቅ ሆኖ ተመለሰ።

"ጨረስን! እልል አትይም እንዴ?"

"ብቻውን እንደሚሄድ ነገራችኋቸው?"

"ባሕር ማዶ ሊሄድ ነው አልናቸው። አባትየው ደስታውን አልቻለውም።"

"እሷ እንደምትቀርስ?"

"ኧረ አንቺ ሴት! ሽማግሌ የሚላከው ሊያጋባ ነው ሊያፋታ?" ብሎ ጋቢውን አጣፋ። "መቼም አንቺ ሰማዩ ጠርቶም ዣንጥላ ትይዣለሽ። ከተጋቡ በኋላ እሱ ይነግራታል።"

ልጄን ጠየቅኩት። "አጎቴ የነገራት መስሎኝ" አለና አንገቱን ደፋ። መስሎት እንዳልሆነ እናቱ ነኝና አወቅሁ።

ከዚያ ወዲያ እጄ ሥራ አልይዝ አለ። የለቀምኩትን ገብስ መልሼ እለቅማለሁ። ብናገር የልጄ መንገድ ይዘጋል፤ እዚያ ያሉትም ሰዎች ካህን ያጣሉ። ዝም ብል ደግሞ አንዲት ልጅ የሠርጓ እልልታ ሳይበርድ ባሏን ሸኝታ ከማታውቀው ሰው ቤት ልትቀመጥ ነው። እኔ ሳገባ ማንም አልጠየቀኝም። ባሌ ደግ ሰው ሆኖ ተገኘ እንጂ አስቀድሞ ያንን ማን ያውቅ ነበር? እሷስ ኑሮው ቢመራት? ጥላው ብትሄድ ልጄም ዕድሜውን ሙሉ ብቻውን መቅረቱ ነው።

አንድ ጠዋት "ቀሚስ ላሰፋ ነው" ብዬ ከምንኖርበት ከሮብ ገበያ ሚኒባስ ያዝኩ። ደብረ ማርቆስ ደርሼ በባጃጅ ወደ ገበያው ሄድኩ። የልጅቷን ሱቅ አግኝቼም ሁለት ጊዜ አለፍኩት። በኋላ ገባሁና የዲያቆኑ እናት ነኝ አልኳት። ጥልፏን ጥላ ተነሥታ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች።

"ተይ ልጄ" ብዬ ትከሻዋን ያዝኩ። "መጀመሪያ የምነግርሽ አለኝ።"

ነገርኳት። ወረቀቱ ለአንድ ሰው እንደሆነ፣ የእሷ ጉዳይ ሁለት ዓመትም ሦስት ዓመትም ሊፈጅ እንደሚችል፣ ጭራሹን ላይሳካም እንደሚችል። እሷ ተመልሳ ተቀመጠች።

"እሱ ልኮዎት ነው?"

"አይደለም። መምጣቴንም አያውቅ።"

"እስከዚያ የት ልኖር ነበር?"

"ከእኔ ዘንድ።"

"ሮብ ገበያ? እዚያ ውርጭ ላይ? እማማ፣ ዘመዶቼን ለሙት ዓመቴ ነው የሚጠሯቸው!" ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ ቆመ። "እርስዎን አልቀየምም። እሱ ግን አፍ የለውም? ለባዕድ ሕዝብ ወንጌል ሊሰብክ የሚሄድ ሰው ለእኔ ይቺን መንገር አቃተው?"

ጥላ የተነሣችውን ጥልፍ አንሥቼ አቀበልኳት።

"ይምጣና ራሱ ይንገረኝ" አለች።

ማታ ለልጄ ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። "አፈረስሽው እማዬ" ብሎ እራቱን ሳይነካ ተነሣ። በማግስቱ ሳይሰናበተኝ ደብረ ማርቆስ ወረደ። እስኪመለስ ከደጄ አልተነቃነቅሁም።

"ምን አለች?"

"ጾሙን ሙሉ ላስብበት፤ ከሆነም ከፋሲካ በኋላ ይሁን አለች። ብንጋባም እዚያው ሥራዬ ላይ ነው የምቆየው አለች።"

"ሰዎቹስ ይጠብቁሃል?"

"ልጠይቃቸው ነው። እምቢ ካሉ ይቀራል።" ስልኩን ይዞ ወደ ጓሮ ዞረ። የማይገባኝን እንግሊዝኛ ሲናገር ከግድግዳው ወዲህ እሰማዋለሁ። ልጸልይ አልኩና ለየትኛው እንደምጸልይ ጠፋኝ። እሺ ቢሉት ይሄድብኛል፤ እምቢ ቢሉት በእኔ ምክንያት ቀረ።

ጠበቁት። ወንድሜ እያጉረመረመ ቁይ ተመልሶ ለአባቷ እውነቱን ነገረ። እሷም ከዳግም ትንሣኤ በኋላ እሺ አለች። በተክሊል ተጋቡ፣ ልጄ ቀሰሰ፣ በሰኔ ሄደ። ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እሁድ እሁድ ይደውላል፤ ድምፁ ትንሽ ሻከር ካለ ሳምንቱን ሙሉ ልቤ አይረጋም። የእሷ ወረቀት ገና አልመጣም።

የሄደ ዕለት የሸኘነው ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ነው፣ በማለዳ። አውቶቡሱ ሲወጣ እሷ አላለቀሰችም፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ከዚያ ጭቃውን እየዘለልን እስከ ሱቋ ሄድን። "ነይ፣ ሁለት ቀን እንኳ ከእኔ ጋር ሰንብቺ" የሚለው ምላሴ ላይ መጣ፤ ቃሏን አስቤ ዋጥኩት።

"መንገዱ ያዳልጣል እማማ፤ ሲደርሱ ይደውሉልኝ" አለችኝ።

ቁልፉን አውጥታ ጎንበስ አለች። የዘነበበት ቆርቆሮ በር አልከፈት ሲላት እኔም በአንድ ወገን ይዤ አብሬያት ወደ ላይ ገፋሁት።