ስሙን ሲፈልግ የኖረው ክሌመንት ኤከንሾ

ክሌመንት ኤከንሾ ጎረቤቴ ነበር። የሱና የኔ ቤት አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ እዚያ ማዶ ሲያስነጥስ እዚህ ሆኜ "ይማርህ" እለው ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩ። ክፉ ሰው ነበር ልል አይደለም የተነሳሁት። በረዶ ሲጥል ከራሱ ደጃፍ በፊት የኔን ነበር የሚጠርገው። ባሌ የሞተብኝ ክረምት የድንጋይ ከሰሉን ከጓሮ እየተሸከመ ያስገባልኝም እሱ ነው። ግን አንድ ነገር ሠራ። ያንን ነገር እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እኛ ክራግደን ውስጥ የቤተሰብ ስም ከሰማይ የወረደ ነገር አይደለም፤ ኮረብታው ላይ ካለ እርሻ የመጣ ነው። የድሮ ሰው ከእርሻው ወርዶ ሸለቆው ውስጥ ሲገባ "የእንትን እርሻው ጆን" ይባላል፣ ልጆቹም በዚያው ይቀራሉ። የኔ አባት ስም እንኳ ዛሬ በጎች የሚጠለሉበት ፍርስራሽ ነው። ኤከንሾም እንደዚያው እርሻ ነበር። በድሮ ቋንቋችን የባሉጥ ጫካ ማለት ነው አሉ። አሁን እንኳን ጫካ፣ ልብስ የሚሰጣበት ቁጥቋጦ የለውም። ሁለት ግድግዳና ንፋስ ብቻ ነው የቀረው።

ገበያ መሃል ቆማችሁ "ሱትክሊፍ!" ብላችሁ ብትጣሩ ግማሹ ሰው ዞር ይላል። "ኤከንሾ" ብትሉ ግን ክሌም ብቻ ነው የሚዞረው። ይሄ ነገር ደስ ይለው ነበር። ፋብሪካ ውስጥ ሸማኔዎቹ ማሽን ሲበላሽባቸው የሚጠሩት እሱን ነው፤ እሁድ እሁድ ደግሞ ሜቶዲስት ጸሎት ቤታችን ውስጥ የፊተኛው ወንበር የሱ ነው። ኩሩ ነበር፣ ምን ያረጋል። ወንድሙ በጦርነቱ ባሕር ውስጥ ቀረ። ሚስቱ ሄስተር አንዲት ሴት ልጅ ወለደችለትና ሐኪሙ ከእንግዲህ በቃሽ አላት። ልጅቷ ኖሪን ናት። ክሌም ልጅቷን ይወዳት ነበር፣ አልዋሽም። ነገር ግን አቅፏት ሲሄድ እንኳ ወንድ ልጅ የያዙትን ሰዎች ክንድ ክንዳቸውን ሲያይ እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ኖሪን አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላት አረገዘች። ያስረገዛት የልጆች መጫወቻ የሚሽከረከር ፈረስና መኪና ይዘው ከተማ ለከተማ ከሚዞሩት ጋር የመጣ ልጅ ነው፤ ድንኳናቸውን ነቅለው ሲሄዱ አብሮ ሄደ፣ በዚያው የውሃ ሽታ ሆነ። በግድግዳው በኩል ሄስተር ስታለቅስ ሰማሁ። ክሌም አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር። ቀስ ብሎ፣ ማሽን ስለ መጠገን እንደሚያወራ ሰው፣ "ኤከንሾ የሚባል ዲቃላ እዚህ ሸለቆ ውስጥ አይሄድም" አለ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ያላገባች ልጅ የወለደችው በሷ የቤተሰብ ስም ነው የሚጠራው፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ ተንበርክኮ የለመነው ልጅ፣ ስሙን ይዞ የሚያድግ ልጅ፣ በሩ ድረስ መጥቶለት ነው በሩን የዘጋበት። ጭንቅላቱ ውስጥ የነበረው ግን ጸሎት ቤቱ ነው፤ ሰው ምን ይለኛል ነው። ስሜን ላድን ብሎ ነው ይሄን ሁሉ ያረገው።

ሞርካም ወደሚባለው የባሕር ዳር ከተማ ላኳት። እዚያ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች እንዲህ ዓይነት ልጆችን የሚያስወልዱበት ቤት ነበራቸው። ለኛ "አክስቷን ልታስታምም ሄደች" ተባልን፤ ሁላችንም የምናምን መስለን ዝም አልን። ወንድ ወለደች። ለጥቂት ሳምንታት አጠባችው። ከዚያ በጉዲፈቻ የሚወስዱት ባልና ሚስት በመኪና መጡና ወሰዱት። መጀመሪያ እሷን ጠርሙስ እንድታጥብ አዘዟት፣ ስትመለስ አልጋው ባዶ ነበር። ይሄን የነገረችኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

በኛ አገር በዓመት አንድ ሳምንት ፋብሪካው ይዘጋል፤ ከተማው ነቅሎ ወደ ባሕር ይወርዳል። ሁሉም ቤተሰብ በየዓመቱ እዚያው ከተማ፣ እዚያው የኪራይ ክፍል ነው የሚያርፈው። የክሌም ቤተሰብ ሞርካም ነበር የሚሄዱት። በዚያ ዓመትም ሄዱ፤ ሞልቶ በተረፈ ባሕር ክሌም ሌላ ቦታ ልሂድ እንኳ አላለም። ኖሪን አሸዋው ላይ ተቀምጣ በሚያልፈው የሕፃን ጋሪ ሁሉ ውስጥ ስታይ፣ እሱ ሱሪውን ጠቅልሎ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ጋዜጣ ያነብ ነበር። ሄስተር ከዚያ በኋላ ብዙም ሳትቆይ ሞተች።

ኖሪን አውቶቡስ ሾፌሩን ሮኒ ሱትክሊፍን አገባች። እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም። በባሏ ስም ሱትክሊፍ ስትባል በኛ ሸለቆ የኤከንሾ ስም ክሌም ላይ ብቻ ቀረ።

ፋብሪካው ተዘግቶ ጡረታ ሲወጣ ነው ነገሩ ያሳበደው። ከጡረተኞች ጋር በአውቶቡስ ሽርሽር ስንሄድ፣ ሌላው ሰው ወርዶ ሽንት ቤት ሲሮጥ እሱ ስልክ መደወያው ዳስ ውስጥ ይገባል። ሊደውል መስሏችሁ? የስልክ ማውጫውን ገልጦ ኤከንሾ የሚባል ሰው ይፈልጋል። ካገኘ እንደ ልጅ እየሳቀ ይወጣል። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የአገሩን ካርታ ሰቅሎ ስፒል ይሰካበታል። አብዛኛው ስፒል የኛ ሸለቆ ላይ ነው፣ እነሱም የሞቱት ናቸው። ትንሽ ከኮረብታው ማዶ፣ ትንሽ የከሰል ማዕድኑ ዘንድ፣ ሃል ወደብ ላይ ደግሞ እህትማማቾች አሉ። ለንደን ላይ አንድ ብቻ ነበረው፤ "እሱ ተሳስቶ የሄደ ነው" ይላል።

"ክሌም፣ ስፒሉ ሊያልቅብህ ነው መሰለኝ" አልኩት አንድ ቀን።

"አንቺ ምን ቸገረሽ ዊኒ። ያንቺ ስም እንደ ዝንብ የትም አለ። እኛ ጥቂት ነን።"

"ጥቂት የሆናችሁት ለምን እንደሆነ አስበህ ታውቃለህ?"

"ጦርነት ነው" አለና ፊቱን ወደ ካርታው መለሰ።

የስማቸው መነሻ ትልቅ ሰው ነው ብሎ ያምን ነበር። ቀስት ይዞ ከንጉሡ ጋር የዘመተ፣ ንጉሡም እርሻውን የሸለመው ባላባት። ማን እንደነገረው አላውቅም፤ ራሱ ለራሱ የነገረው ይመስለኛል። ጀርባውን ቀና አድርጎ ነበር የሚያወራው።

በመጨረሻ ኤከንሾዎችን ሁሉ ጸሎት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ልሰብስብ አለ። ኖሪንና እኔ ሳንድዊቹንና የአሳማ ሥጋ ፓዩን ሠራን። ወንበሩ ብዙ፣ ሰው ትንሽ ሆነ። ከኮረብታው ማዶ ሚስቱ የሞተችበት ዳቦ ጋጋሪ መጣ። ከሃል ሁለቱ ያላገቡ እህትማማቾች መጡ። ከከሰሉ አገር ሳል የያዛቸው ሽማግሌዎች መጡ። ወንድ ልጅ ያለው አንድም አልነበረም። ክሌም ዓይኑን ከሰው ወደ ሰው እያዞረ ሲፈልግ አንጀቴን በላው፤ ያን ያህል እንኳ ጨካኝ አይደለሁም።

ከሁሉም ርቃ የመጣችው፣ ከዓለም ማዶ ካለችው ደሴት ከታዝማኒያ፣ ግሌኒስ ኤከንሾ ናት። ቅድመ አያቷ በግ ሰርቆ ከዚሁ ኮረብታ በመርከብ የተጋዘ ነው፤ እሷ ግን እንደ ሜዳልያ ነው የምታወራው። ደረቷ ሰፊ፣ ሳቋ አዳራሹን የሚሞላ ሴት ናት። የቤተሰቡን ታሪክ ስታጠና ዓመታት ፈጅታለች፤ የጥንቱ ፍርድ ቤት መዝገብ ያለበት ቤት ውስጥም ከርማ ነው የመጣችው። ክሌም "አሁን ደግሞ እህታችን የስማችንን ምንጭ ትነግረናለች" ብሎ ደረቱን ነፍቶ ተቀመጠ።

"ክሌም ወንድሜ፣ ባላባት የሚባል ነገር የለም፤ አዝናለሁ" አለች። "የእርሻው ጌቶች ሌላ ስም ነበራቸው፣ ዘራቸውም ጠፍቷል። እኛ የመጣነው ከወጥ ቤት ነው። አኒስ የምትባል አገልጋይ ነበረች። ሳታገባ ወለደች። አባቱ እኔ ነኝ ያለ ወንድ አልተገኘም። በዚያ ዘመን እንዲህ ያደረገች ልጅ ለጌታው ቅጣት ትከፍል ነበር፣ እሷም ከፈለች። ግን ልጇን አልሰጠችም፤ ጀርባዋ ላይ አዝላ ድስቷን አማሰለች። የአባት ስም ስለሌለው በተወለደበት እርሻ ጠሩት። ይኸው እኛ ሁላችን፣ እዚህም ታዝማኒያም፣ የዚያ ዲቃላ ልጆች ነን። እኛ ጋ በየዓመቱ ለአኒስ ብለን ቢራ እናነሳለን።"

ዳቦ ጋጋሪው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከሃል የመጡት ሴቶች እንኳ አፋቸውን በመሐረብ ይዘው ሳቁ። ክሌም አልሳቀም። ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ ኖሪንን ፈለግኳት፤ የሻዩን ስኒ ሰብስባ ወደ ወጥ ቤቱ ገብታ ነበር።

ተከትያት ገባሁ። እሷ ታጥባለች፣ እኔ እወለውላለሁ። ክሌም መጣና በሩ ላይ ቆመ።

"ኖሪን።"

"ሻይ ልቅዳልህ?"

"ያ ልጅ" አለ። "ያ ልጅ የት እንዳለ ማወቅ ይቻል ይሆን? አሁን ሕጉ ይፈቅዳል ሲሉ ሰምቻለሁ። ፈልጊውና እናስረዳው።"

"ምኑን ነው የምናስረዳው?"

"ያቺ ሴት ያለችውን ሰምተሽ የለ? ለካ ነውር አይደለም። ስሙን ቢወስድ ... አሁንም ይቻላል እኮ። ወረቀት መፈረም ብቻ ነው።"

ኖሪን እጇን በሽርጧ አደረቀች። በሕይወቴ እንዲህ ረጋ ብላ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

"ነውር መሆኑ የቀረው ዛሬ ነው? የማታውቃት አገልጋይ ስትሆን ነው ነውር ያልሆነው? እኔ እኮ እዚሁ ነበርኩ አባዬ። በየሳምንቱ ወለልህን ሳጥብ እዚሁ ነበርኩ።"

"ልጅ ነበርሽ። ላንቺ ብዬ ነው።"

"ለስምህ ብለህ ነው። እሱን እንኳ አትዋሸኝ።" ቀጠለችና፣ "መፈለግ አያስፈልግም፤ እሱ ራሱ ፈልጎ አግኝቶኛል። ቆይቷል።"

 ይሄን ለኔም አልነገረችኝም ነበር።

"ቤትህም ገብቷል" አለችው። "ሊያይህ ፈለገ፣ የሮኒ የሥራ ባልደረባ ነው ብዬ አመጣሁት። ሻይ አጠጣኸው። ካርታህን አሳየኸው።"

"ያ ረጅሙ ልጅ? ስለ ስፒሎቹ የጠየቀኝ?"

"እሱ። 'ከእርስዎ በኋላ ስሙን የሚይዝ ማን አለ?' ብሎ ጠየቀህ። ምን እንዳልከው ታስታውሳለህ?"

ክሌም የበሩን እጀታ ያዘ።

"እኔ ልንገርህ። 'ማንም የለም፤ አንዲት ሴት ልጅ ናት ያለችኝ፣ ሴት ደግሞ አትቆጠርም' አልከው። እኔ ብስኩት ይዤ አጠገብህ ቆሜያለሁ። መኪናው ውስጥ ሲገባ፣ 'ኤከንሾ የሚለውን ስምሽን ልውሰድ ብዬ ላማክርሽ ነበር የመጣሁት' አለኝ። 'አሁንስ?' አልኩት። 'አሁን አልፈልገውም' አለኝ።"

ውጪ ግሌኒስ ሌላ ቀልድ ነግራ ሰዉ እንደገና ይስቃል። ክሌም አንድ እርምጃ ወደ ኖሪን ቀረበ። አሁን እንኳ፣ አሁን ይቅርታ ይላታል ብዬ ጠበቅኩ። እናቴ ትሙት፣ ጠበቅኩ።

"ልጆች አሉት?" አለ።

"አሉት።"

"ወንድ?"

ኖሪን ወደ ሳህኗ ዞረች። "ሂድ፣ እንግዶችህ ይጠብቁሃል" አለችው።

ከዚያ ቀን በኋላ ክሌም ስልክ ዳስ ውስጥ ሲገባ አላየሁትም። በሽርሽሩም መሄድ ተወ። በግድግዳው በኩል የምሰማው ሬዲዮውን ብቻ ነበር። ኖሪን እንደ ወትሮዋ በየሳምንቱ እየመጣች ወለሉን አጠበችለት፣ ሾርባውን ሠራችለት፤ የልጇን ስም ግን እስኪሞት አልነገረችውም። ሲጠይቃት ሰምቻለሁ፤ ባልዲውን ይዛ ወደ ጓሮ ትወጣ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ሞተ። የመቃብር ድንጋይ ጠራቢው ዘንድ ከኖሪን ጋር አብሬ ሄድኩ። ክሌም ገና ስብሰባውን ሲያዘጋጅ ነው አሉ ለድንጋዩ አስቀድሞ የከፈለው፤ የሚጻፈውንም ያኔ ነግሮታል። ጠራቢው ቆቡን አውልቆ አንገቱን እያከከ ቆመ።

"ሚስስ ሱትክሊፍ፣ እንዴት እንደምልዎት አላውቅም። 'በክራግደን የመጨረሻው ኤከንሾ' በልልኝ ነው ያሉኝ። እርስዎ ልጃቸው እያሉ ደግሞ ደስ አይልም። ከፈለጉ ልተወው እችላለሁ፣ ማንም አያውቅም።"

ኖሪን ቦርሳዋን ወደ ክንዷ አስገባች።

"ጻፍለት" አለችው። "ልጄን የሰጠው ለዚህ ነው።"