የታጠበው ጠገራ

የእናቴን ጠገራ ብር ወደ ፒያሳ ይዤው ከመሄዴ በፊት በአመድና በሎሚ አሸሁት። ማንም አላዘዘኝም። ጠቁሮ፣ በፊደሎቹ መሐል እድፍ ጠጥቶ ሰው ፊት ላቀርበው አፈርኩ። ሰው ፊት የሚቀርብ ነገር ታጥቦ ነው የሚቀርበው፤ እኛ ቤት ያደግነው እንዲህ ነው።

የወሰድኩት ልሸጠው አልነበረም። ማወቅ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ብር የእናቴ ነው ወይስ የወንድሜ ሚስት ለውጣ የሰጠችኝ ሌላ ነው?

እናቴ ብሩን አናቱ ላይ ማንጠልጠያ አስበይዳ በአንገቷ ታደርገው ነበር። የመጨረሻ ዓመታቷን ያሳለፈችው መናኸሪያ ሰፈር፣ ወንድሜ ቤት ነው። እኔ የምኖረው እዚያው ከተማ፣ ምሥራቅ ሰፈር ነው። ለምን እኔ ጋ እንዳልሆነች የሚያውቁ ያውቃሉ፤ እዚህ አልጽፈውም። በአርባዋ ማግስት የወንድሜ ሚስት ብሩን በመሐረብ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ማንጠልጠያ የለውም። ዘመድ በተሰበሰበበት፣ "የእናቴ መሆኑን ማዪልኝ" አልኳት።

"እኛ አንምልም፣ እትዬ። ነው ካልኩዎት ነው" አለችኝ።

እሷ ጴንጤ ናት። እኔ ባደግሁበት ቤት ደግሞ ማዪ ተብላ ያልማለች ሴት መልሷን ሰጥታለች ማለት ነው። ስድስት ዓመት ያንን መልስ ይዤ ኖርኩ። ወንድሜ በየበዓሉ ይደውላል። ስልኩን ለእሷ ስጣት ብዬው አላውቅም፤ እሷም ከእጁ ተቀብላ አታውቅም።

ዘንድሮ ፒያሳ ውስጥ የድሮ ገንዘብ አይቶ የሚለይ ነጋዴ እንዳለ ሰማሁ። ልጄ የሚሆን ሰው ነው። ብሩን ተቀብሎ ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሳይሰካ ነው ፊቱ የጠቆረው።

"እማማ፣ ማነው ያጠበው?"

እማማ መባል አልወድም። ግን ለክርክር አልነበረም የመጣሁት።

"እኔ ነኝ።"

"በምን?"

"በአመድና በሎሚ።"

"ድስት መሰለዎት እንዴ?"

"ምን አጠፋሁ? ጠራ እንጂ።"

"መጥራቱ ነው እኮ ያጠፋው። ያ ጥቁረቱ ዕድሜው ነበር።"

ከዚያ ማጉያውን አድርጎ አገላበጠው። በአንዱ ፊት ያለችው ወፍራም ሴት ትከሻዋ ላይ ጌጥ አላት፤ በጌጡ ዙሪያ ያሉት ጥቃቅን ነጠብጣቦች አልቀዋል አለኝ፤ ይህም ዋጋውን ይጥለዋል።

"ማለቁስ ዕድሜ አይደለም?" አልኩት።

"አይደለም። እሱ ጉዳት ነው።"

ይህ እስካሁን አልገባኝም። እድፉ ዕድሜ ነው፤ ማለቁ ግን ጉዳት ነው። ሁለቱም በአንድ አንገት ላይ የመጡ አይደሉም ወይ? ቢያንስ ዓመቱ ተጽፎበታል ብዬ ወደዚያ ጠቆምኩት።

"ሁሉም ላይ ያው አንድ ዓመት ነው፣ እማማ። ስንት ዘመን ቆይተውም ሲያትሙት ያንኑ ዓመት ነው የሚጽፉበት።"

"ታዲያ ለምን ጻፉበት?"

"እሱን የጻፉትን ይጠይቁ" ብሎ ሳቀ።

የመጣሁበትን ጠየቅሁት። ይህ ብር ሰው አንገት ላይ የኖረ ነው ወይስ ሣጥን ውስጥ?

"እድፉ ቢኖር እነግርዎት ነበር" አለ። "አንገት ላይ የኖረ ቅቤና ላብ ይጠጣል። ሣጥን ውስጥ የኖረው ሌላ መልክ አለው። አሁን ግን የታጠበ ሳህን ነው ያመጡልኝ።"

ብሩን ሊመልስልኝ ሲል ጠርዙን በጥፍሩ ዳሰሰና ቆም አለ። "እዚህ ጋ ተበይዶ ነበር። ኋላ ተሞርዷል።" ወንበር ጠየቅሁ። ማንጠልጠያ ነበረው ማለት ነው?

"ነበረው። ግን ደስ አይበልዎት። እዚህ የሚመጣልኝ ጠገራ ብዙው እንዲህ ነው። የማን እናት አንገቷ ላይ ሳታደርግ ቀርታለች?"

በሚዛን፣ በክብደቱ ከሆነ አሁኑኑ እንደሚገዛው ነገረኝ። ብሩን ተቀብዬ ወጣሁና ባጃጅ ይዤ በቀጥታ መናኸሪያ ሄድኩ። ምን ልል እንደሆነ አላሰብኩበትም።

የወንድሜ ሚስት በሩን ከፍታ፣ "ይግቡ፣ እትዬ" አለችኝ፤ ትናንት የመጣሁ ይመስል። ወንድሜ ሥራ ላይ ነበር። ብሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

"ብየዳ ነበረው አሉኝ። ጠርዙ ላይ ተሞርዷል" አልኳት።

ጠርዙን አላየችም። "አጥበውታል" አለች።

"አዎ።"

"እኔ አንድ ቀን አላጠብኩትም። የእሳቸው ቅቤ ነበረበት።"

"ማንጠልጠያውን ማነው ያወለቀው?"

"እኔ ነኝ ያስወለቅሁት። ሲገላበጡ እየጫራቸው አንገታቸው ቆስሎ ነበር። አውልቂልኝና ትራሴ ሥር አድርጊው አሉኝ፤ አደረግሁ።"

"ታዲያ ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም?"

"ማዪ አሉኝ እንጂ መቼ ጠየቁኝ?"

ውሃ ሰጠችኝ፤ ጠጥቼ ወጣሁ።

ቤቴ ስደርስ ነው ያደረግሁት የገባኝ። ስለ መሞረዱ አስቀድሜ የነገርኳት እኔ ነኝ። ሰምታ ልትፈጥረው ትችላለች፤ እውነቷን ሊሆንም ይችላል። ቅቤ ነበረበት ያለችውንም ማረጋገጫ የለኝም፤ ቢኖርበትም በገዛ እጄ ወደ መታጠቢያው ፈሷል። ስድስት ዓመት በልቤ ሌባ ያልኳት ሴት ሌባ ካልሆነች እኔ ምን እንደሆንኩ ማሰብ ጀምሬ ተውኩት። ይቅርታ ለመጠየቅ እርግጠኛ መሆን አለብኝ፤ ለመቆጣትም እንደዚያው።

ማታ ለወንድሜ ደወልኩለት። የእናታችን አንገት ቆስሎ ነበር ወይ አልኩት።

"እኔ በምን አውቃለሁ? ገላዋን የምታጥባት እሷ ነበረች" አለኝ።

እኔም አላየሁም። በእነዚያ ዓመታት ስሄድ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ከዚያው ተነሥቼ ነበር የምመለሰው። እናቴም ሁልጊዜ ነጠላዋን እስከ አገጯ ትከናነብ ነበር።