ከጠበሉ በላይ የተተከለው ፓምፕ

ከደብረ ታቦር በጠዋት ወጣሁ። እስቴ ውስጥ ባለ አንድ ቀበሌ የተተከለ ፓምፕ ሞተሩ እየሠራ ውሃ አላወጣ ስላለ፣ ምክንያቱን አይተሽ ነይ ተብዬ ነው። መሥሪያ ቤታችን አንድ ጊዜ በሚበልጥ ፓምፕ ቀይሮታል፤ ለውጥ የለም።

መካነ ኢየሱስ

ፍልሰታ ስለነበር ምሳዬ ሽሮ ነበር። ከከተማው ወዲያ ጨውና ሳሙና የጫነ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ገባሁ። ጭቃው መኪናውን ሲያስቆመው የቀረውን በእግሬ፣ በገብስ ማሳዎች መካከል ወረድኩ።

ገደሉ

የተቀበሉኝ የውሃ ኮሚቴ አባሏ እትዬ ጠጀ ናቸው። ጀሪካን ተሸክመው ገደሉን ሲወጡ ወድቀው ወገባቸው ከተጎዳ ወዲህ ውሃ የምትቀዳው ልጃቸው ናት፤ ትምህርቷንም ከሰባተኛ ክፍል አቋርጣለች። ፓምፑን ሲያሳዩኝ፣ «እንደኛ አባወራ ነው፤ ጩኸት እንጂ ሥራ የለውም» አሉኝ። ሴቶቹ ሳቁ።

ምንጩ ከታች ነው፤ አጠገቡ ጠበል አለ። ናፍጣና ዘይት ጠበሉን እንዳይነካ ሲባል ፓምፑን አሥራ ሁለት ሜትር ያህል ወደ ላይ ተክለውታል። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። ፓምፕ ውሃን ከታች ስቦ አያመጣም፤ ቧንቧው ውስጥ ያለውን አየር ያወጣል፣ የውጭው አየር ደግሞ ውሃውን ወደ ላይ ይገፋል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ሰባት ሜትር ከገፋ ብዙ ነው። የሞተሩ ትልቅነት ይህን አይለውጥም።

ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል። እንደምንም ለደብሩ ቄስ አስረዳሁ፤ የምንጩን ውሃ በቧንቧ ከጠበሉ በታች ወዳለው ሜዳ እናውርደው፣ ፓምፑም እዚያ ይሁን፤ ከዚያ ወደ ላይ መግፋት ይችላል አልኩ። ቄሱ ወርደው ቦታውን አዩ፤ የሞተሩ ጭስ ወደ ጠበሉ እንዳይመጣም የነፋሱን አቅጣጫ ጠየቁ።

«ከጠበሉ በታች ከሆነ ዘይቱ ወደ ላይ አይፈስም። ይሁን፣ ልጄ» አሉ።

እኔ የፈራሁት እሳቸውን ነበር።

ጋራው ላይ

ኔትወርክ ያለው ጋራው ላይ ብቻ ነው። እትዬ ጠጀ ወገባቸውን ይዘው አብረውኝ ወጡ። የደወልኩለት አለቃዬ ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ ለቧንቧ በጀት እንደሌለ፣ ለፓምፕ ግን እንዳለ ነገረኝ፤ ከዚህኛው የሚበልጥ ይልካሉ። እንደማይሠራ ደግሜ ነገርኩት። ስልኩን ዘጋው።

«ምን አሉ?»

«ሌላ ትልቅ ፓምፕ ይመጣል።»

«ውሃ ያወጣል?»

«አያወጣም፣ እትዬ።»

«እንግዲያ ለምን ያመጡታል?»

ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። እሳቸውም፣ «ልጅቷን መስከረም ላስመዘግባት ነበር። በይ በደህና ግቢ» ብለው ቁልቁለቱን ጀመሩ።

መመለስ

ደብረ ታቦር ስደርስ ባልደረቦቼ ጉዞሽ ተሳካ አሉኝ፤ አዲስ ፓምፕ አስፈቅደሻልና። አየር ውሃን እስከ የት እንደሚገፋ ማወቄ ብቻውን አንዲት ልጅ ወደ ክፍሏ እንደማይመልስ ተማርኩ። ፓምፑ ሲተከል እንድገኝ ታዝዣለሁ።