ወለሉ ሳይሰበር የሚጠየቀው

እኛ ኮረብታ ላይ የብርዱን መምጣት የሚነግረን የጋሽ ፕዮ ሳል ነው። ጎመኑ ተቀምሞ እንዲቦካ፣ ክምቺ እንዲሆን፣ ማሰሮ ከመግባቱ በፊት ሽማግሌው መዶሻውንና የጭቃ ባልዲውን ተሸክሞ ደረጃውን እያለከለከ ይወጣና ከቤት ቤት እየዞረ ወለል ይፈትሻል። ቤታችን የሚሞቀው ከሥር ነው። ኩሽና ውስጥ ባለ ቀዳዳው ክብ ከሰል ይነዳል፤ ሙቀቱና ጢሱ በመኝታ ክፍሉ ወለል ድንጋዮች ሥር ተሹለክልኮ በጓሮ ይወጣል። እኛ ድንጋዩ ላይ ጭቃ፣ ጭቃው ላይ ወፍራም ወረቀት ለጥፈን እዚያው ላይ እንተኛለን። ድንጋዩ የተሰነጠቀ እንደሆነ ሽታ የሌለው ሞት አብሮን ያድራል። ሴኡል ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። እያወቅንም በየዓመቱ እንሞታለን።

የማንጊል እናትም ታውቅ ነበር። ስሟ ቦክሬ ነው፤ በስሟ የሚጠራት ግን የለም። አንድ ግቢ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ ስለምንጋራ ከገዛ እህቴ ይልቅ እሷን አውቃታለሁ፣ ከእህቴ ይልቅም ከእሷ ጋር ተጣልቻለሁ። በጦርነቱ ጊዜ ባሏን ተከትላ ከሰሜን የመጣች፣ አጭር፣ ደረቅ፣ ምላሷ እንደ ሚጥሚጣ የሚያቃጥል ሴት ናት። ጥቁር ጨርቅ በሸፈነችው ማሰሮ የአኩሪ አተር በቆልት እያበቀለች ገበያ ትሸጣለች። ባሏ ሲሞት ማንጊልን ያሳደገችው በዚያ በቆልት ነው። ማሰሮውን ውሃ ስታጠጣ "እናንተስ ተመስገን፣ ከውሃ ሌላ አትጠይቁኝም" ትላቸዋለች።

ከማንጊል በፊት አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻት። ነፍሰ ጡር ሳለች ባሏ "ጢስ ገደለን" ብሎ ምድጃውን አፍርሶ ሠራው፤ ልጅቱ ሞታ ተወለደች። እርጉዝ ባለችበት ቤት ወለል አይሰበርም፣ ምድጃ አይነካም፣ ግድግዳ ላይ ሚስማር እንኳ አይመታም፤ የቤቱ ውቃቢ ይቆጣል፣ ቁጣውም የሚያርፈው ፅንሱ ላይ ነው። አያቶቻችን እንዲህ ነው የሚሉት። እኔ ግማሹን አምናለሁ፣ ግማሹን አላምንም። ቦክሬ ግን በእጇ የቀበረችው ነገር ነውና ሙሉውን ታምናለች።

አምና ማንጊል መንገድ ሊሠራ ወደ ዓረብ በረሃ ሄደ። ሚስቱ ዮንሲል ዊግ ፋብሪካ የምትሠራ ዝምተኛ ልጅ ናት። አግብተው ዓመታት ቆጥረው ምንም አልነበረም፤ ጎረቤቱም "በቆልት ሻጯ ቤት ዘር አልበቅል አለ" እያለ ይቀልድ ነበር። ከዚያ ማንጊል በሄደ ማግሥት መፅነሷ ታወቀ። ቦክሬ ያን ሰሞን ከሰው ጋር አልተጣላችም። ከእኔ ጋር እንኳ።

ጋሽ ፕዮ አምና የመጣው የዮንሲል ሆድ ገፍቶ መታየት ሲጀምር ነው። እርጥብ ጭድ ምድጃው ውስጥ አነደደ፣ የጓሮውን ጭስ ማውጫ በጆንያ ደፈነ፣ ገብቶም በጉልበቱ እየዳኸ ወለሉን አየ። ጢሱ የወጣው ከምድጃው ጋር ከሚዋሰነው ከሞቃቱ ጫፍ ነው፤ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ተነሳ።

"ሁለት ድንጋይ መነሳት አለበት" አለ። መዶሻውን አነሳና ሁሌም የሚጠይቀውን ጠየቀ። "ቤት ውስጥ እርጉዝ አለች?"

"አለች" አለች ቦክሬ። "ምራቴ።"

ሽማግሌው መዶሻውን መልሶ አስቀመጠው። እሱም ያምናል።

"ጋሼ፣ ልጅቷ እስክትወልድ በወረቀት አይያዝም?"

"በደንብ ከተለጠፈ ይይዝ ይሆናል። አይዝም ይሆናል። እኔ ምን አውቃለሁ፣ የማንጊል እናት። መስኮት ከፈት እያደረጋችሁ እደሩ።"

ልብስ ከማጥብበት ተነስቼ በሩ ጋ ቆሜ ሳይ ነበር። "ምን ማለት ነው ይይዝ ይሆናል?" አልኩ። "ዮንሲል እኔ ጋ ትደር፣ እናንተ ወለሉን ስበሩ። ጠብ ካለም ከእኔ ጋር ይሁን።"

"አንቺ ጋ ብታድርስ?" አለችኝ ቦክሬ። "ውቃቢው የማን ምራት እንደሆነች ይጠፋዋል? አርፈሽ ልብስሽን እጠቢ።"

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ።"

"እኔ ነኝ ሞኝ። የአንቺ ልጆች እኮ በሕይወት ናቸው፤ ብልህ መሆን ምን ይቸግርሻል?"

 ገመዱ ላይ የተሰጣውን አንሶላ አንስቼ ገባሁ።

በማግሥቱ ወረቀት ገዛች። በሩዝ ሙጫ ደራርባ ለጠፈች፣ የአኩሪ አተር ዱቄት በዘይት አሽታ በጨርቅ ቋጥራ ቀኑን ሙሉ ቀባችው። ወለሉ ቢጫ ሆኖ አበራ፤ እንደዚያ የተዋበ ወለል እኛ ሰፈር አላየሁም። ሰው ሁሉ እየመጣ ጫማውን አውልቆ አየ፣ አደነቀ። ማንጊል ከበረሃ ድምፁን በካሴት እየቀዳ ይልክ ነበርና በዚያው ሰሞን አንድ ካሴት ደረሰ። "እማዬ፣ ብርዱ ሳይገባ ወለሉን አስጠግኚ" ይላል፤ ከኋላው ነፋስ ይሰማል። ቦክሬ ባዶ ካሴት አስገብታ መለሰችለት። "ወለሉ ተለጥፏል ልጄ፣ ወርቅ መስሏል። ዮንሲልን ከሞቃቱ ጫፍ ነው የማስተኛት። እኔ ከበሩ ሥር ነኝ፣ አይበርደኝም።"

እውነቷን ነበር። ከቤቱ የተሻለውን ቦታ ለልጅቷ ሰጠቻት። ክፋት ብታስብ ኖሮ ምንኛ በተሻለ።

መስኮቱን መጀመሪያ ሰሞን ከፈት ያደርጉ ነበር። ብርዱ ሲጠና፣ ልጅቷ ስታስል፣ ቦክሬ መስኮቱን በብርድ ልብስ ደፈነችው።

ዝቅ ያለ ደመና የዋለበት፣ ነፋስ የሌለው ሰሞን መጣ፤ ጢስ ሽቅብ መውጣት እምቢ ብሎ ጓሮ ለጓሮ ይተኛል። አንድ ጠዋት ቧንቧው ጋ ውሃ ስቀዳ የቦክሬ በር ተገፋ፤ እየዳኸች ወጥታ ደጃፉ ላይ ወደቀች። ባልዲውን ጥዬ ገባሁ። ዮንሲል ሞቃቱ ጫፍ ላይ ጉንጯ ቀልቶ፣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ተኝታለች። ያን ያህል አምራ አላየኋትም። ደህና መስላኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ለቅጽበት ደስ አለኝ። ከዚያ ስነካት እጇ እንደ ጨርቅ ወደቀ።

ጎትቼ ግቢ አወጣኋት። ቦክሬ ከክምቺው ማሰሮ ነጭ ሥር የቦካበትን ቀዝቃዛ ኮምጣጣ ውሃ በጎድጓዳ ሳህን ቀድታ፣ በዚያ በደከመ ጉልበቷ እየዳኸች አመጣች፤ ለከሰል ጋዝ የምናውቀው መድኃኒት እሱ ነው። የዮንሲል አፍ ውስጥ አንቆረቆረችላት። ውሃው በአገጯ ወረደ። "ጠጪ ልጄ፣ ለልጁ ስትይ ጠጪ" ትላታለች። ባሌ አዝሏት ወደ ሆስፒታል ደረጃውን ወረደ።

ዮንሲል ተረፈች። ልጁ አልተረፈም፤ ወንድ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ቦክሬ ውቃቢውን ፈርታ ካልሰበረችው ወለል ሥር፣ የፈራችው ራሱ ወጥቶ ደረሰባት። ይህን ፊቷ ላይ አልተናገርኩም። ምላሴ ብዙ ጊዜ ቢያሳፍረኝም ያን ጊዜ አላሳፈረኝም።

ዮንሲል ከሆስፒታል የወጣችው ብርዱ ካለፈ በኋላ ነው። ታወራለች፣ ትበላለች፣ ልብስ ታጥባለች። ግን ጋዙ ከጭንቅላቷ አንድ ነገር ወስዷል፤ ያን ክፉ ጠዋትና ከዚያ ወዲህ ያለው አይያዝላትም። እርጉዝ ነኝ ብላ ታምናለች። መጀመሪያ ሰሞን ቦክሬ እውነቱን ነገረቻት። ዮንሲል መሬት ላይ ተንከባላ አለቀሰች፤ በማግሥቱ ረስታው ሆዷን እያሻሸች ተነሳች። ደግማ ነገረቻት፤ ደግማ እንደ አዲስ ተረዳች። ከዚያ ወዲህ ቦክሬ ተወችው። "ስንት ጊዜ ልቅበረው?" አለችኝ። ማንጊል ሲነገረው ኮንትራቱን አራዘመ። ጎረቤት ገንዘብ ፈልጎ ነው ይላል፤ እኔ ግን ወደዚያ ቤት መግባት ፈርቶ ነው እላለሁ።

ዘንድሮም ጋሽ ፕዮ እያሳለ መጣ። ያስጠራችው ቦክሬ ናት። ያን ያማረ ወረቀት በገዛ እጇ ቀድዳ፣ ጠቅልላ ግቢ ጥላዋለች። ጭቃው ላይ ስንጥቁ ታየ፤ ትንሽ ጣት እንኳ የማያስገባ።

"ይቺ ናት?" አለች።

"ይቺ ናት" አለ ሽማግሌው።

መዶሻውን አነሳ። የዕድሜ ልክ ልማድ ነውና አፉ አመለጠው። "ቤት ውስጥ እርጉዝ አለች?"

እንደተናገረ ደነገጠ። ቦክሬ አፏን ከፈተች፤ "የለችም" ልትል እንደነበር ከፊቷ አይቻለሁ።

"አለሁ እንጂ ጋሼ" አለች ዮንሲል ከበሩ። የታጠበ ልብስ በአንድ እጇ ይዛለች፣ ሌላው ሆዷ ላይ ነው። "እማማ፣ ረሱት እንዴ? እርስዎ ራስዎ አይደሉ አይነካም ያሉት? ልጁን ሊጎዱብኝ ነው?"

 ቦክሬ ምራቷን አየች፣ ወለሉን አየች። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ እኔ በልቤ "ንገሪያት፣ አንዴ ደግሞ ቅበሪውና ተገላገዪ" እላለሁ።

"አዎ፣ ረስቼው ነው" አለች ቦክሬ። "እርጅና ነው ልጄ፣ ይቅር በይኝ። ጋሼ፣ ዕቃህን አንሳ።"

ሽማግሌው መዶሻውን ባልዲው ውስጥ ከትቶ ደረጃውን ወረደ።

በዚህ ብርድ እዚያ ቤት እሳት አልነደደም። እኔ ጋ እደሩ ብዬ ለምኛለሁ፤ ዮንሲል "ማንጊል ሲመጣ ቤቱ ሊያጣን ነው" ብላ ከዚያ ክፍል አልወጣም አለች። ቦክሬም ትታት አትወጣም። በቆልቱ ማሰሮው ውስጥ ደርቆ ቀርቷል። ጠዋት ጠዋት ከሰል ላቀጣጥል ስወጣ በበሩ ስንጥቅ አያቸዋለሁ፤ ትንፋሻቸው ይታያል። ዮንሲል "እማማ፣ ልጁን በረደው" ትላለች። ቦክሬ መዳፏን በትንፋሿ ታሞቅና ባዶው ሆድ ላይ ታደርግላታለች።