የሚሲዮኑ አግዳሚዎች

ፈረስ መጋላ ላይ ሻይ ቤት የከፈትኩ ጊዜ፣ የካቶሊክ ሚሲዮኑ አሮጌ አግዳሚ ወንበሮቹን ሲሸጥ ደርሼ ገዛሁ። መቼስ አፌ አያርፍም፤ «የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ነው» እያልኩ ለገባው ሁሉ አወራሁ።

የሰፈራችን ክርስቲያኖች ታዲያ ጫማቸውን በር ላይ እያወለቁ፣ አግዳሚውን ተሳልመው፣ ሻያቸውን ቆመው ይጠጡ ጀመር።

«በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል እንዴ?» አሉኝ ጎረቤቴ አቶ ወልዴ።

ቆሞ የሚጠጣ ሰው ደግሞ አይደግምም። ገበያዬ ሊሞት ነው። የሚቀመጡት ልብስ ሰፊው አው ዑመር ብቻ ነበሩ። እስላም ስለሆኑ «እኔን አይመለከተኝም» ብለው፣ እግራቸውን ዘርግተው ይስቁብናል።

አንድ ቀን የሚሲዮኑ ሽማግሌ ቄስ ሊጠይቁኝ ጎራ አሉ። ሰዉ በባዶ እግሩ ተገትሮ ሲያዩ ግራ ገባቸው። ምክንያቱን ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ እኛም ከሰው ነው የገዛናቸው» አሉ፣ «ሐኪም ጋራ በኩል ከተዘጋ ጠጅ ቤት።»

አው ዑመር «አስተግፊሩላህ» ብለው ሽርጣቸውን እያራገፉ ብድግ አሉ። ክርስቲያኖቹ ጫማቸውን አጥልቀው ቁጭ፣ ቁጭ አሉ።

«በል ድገመን» አሉ አቶ ወልዴ።