አባቴ ዝለይው ያለኝ መስመር

ባለፈው እሑድ፣ ነቀምቴ በማመልክባት ቤተ ክርስቲያን፣ ወጣቱ መጋቢ «ነፍሴ ሆይ፣ እግዚአብሔርን ባርኪ» የሚለውን የዳዊት የምስጋና መዝሙር አስነበበና «ከደስተኛ ልብ የፈለቀ ነው» ብሎ ሰበከ። ቆሜ ልከራከረው አሰብኩ፤ ስብከቱ ሲያልቅ ግን ወደ ቤቴ ሄድኩ። 

በንጉሡ ዘመን ከነቀምቴ ራቅ ብላ ቢላ በምትባል ቦታ ነበር የምንኖረው። አስተማሪ ሆኜ በተቀጠርኩበት ዓመት ክረምት እናቴን ትኩሳት ያዛት። አባቴ «ዝናቡ ያባራና ነቀምቴ ሐኪም ቤት እንወስዳታለን» እያለ ቆየ። ዝናቡ አላባራም። በመጨረሻ ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመዋት በዚያ ጭቃ ሲጓዙ መንገድ ላይ አረፈች። ከዚያ ወዲያ አባቴን አላናገርኩትም። ለቅሶው እንዳበቃ ታናሽ እህቴን ይዤ ላልመለስ ልሄድ ቆርጬ ነበር።

በሰፈራችን ልማድ፣ ለቅሶ ቤት መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነበው ከሐዘንተኞቹ ፊደል የቆጠረው ነው። መጽሐፉ በአማርኛ ስለነበር አንባቢው እያቆመ በኦሮምኛ ለቤቱ ይናገራል። ተራው እኔ ላይ ወደቀ። ጎረቤት ቀቅሎ ያመጣው አንጮቴ የሚሉት ሥራ ሥር ሳይነካ ቀዝቅዟል፤ ቤቱ የረጠበ ጋቢ ይሸታል። ሽማግሌው ኦቦ ዲንሳ ያንኑ የምስጋና መዝሙር ገልጠው ሲሰጡኝ ደሜ ፈላ።

«ኦቦ ዲንሳ፣ ምን ተገኘና ነው የማመሰግነው?»

«አንቺን ማን አመስግኚ አለሽ፣ ኢንታላ ኮ?» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ዳዊት የሚናገረው ለገዛ ነፍሱ ነው። እሺ ያለች ነፍስ ብትሆንማ ምን ያስለፈልፈዋል? አንቺ አንብቢ፣ ነፍስሽ ትስማ።»

አነበብኩ፤ እያቆምኩም ተረጎምኩ። አባት ለልጆቹ ይራራል የሚለው ጋ ስደርስ አማርኛውን አነበብኩና ኦሮምኛው አልወጣ አለኝ። አባቴ አማርኛ እምብዛም አይሰማም፤ ይችን ግን ሰማት። ቀና ሳይል፣

«ዝለይው፣ ኢንታላ ኮ» አለ። «እሱ ለእኔ አይሆንም።»

እንዲህ የደከመ ድምፅ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። መዝለል እችል ነበር፤ ፈልጌም ነበር። አልዘለልኩትም። ፊቱን እያየሁ በኦሮምኛ ነገርኩት። በጋቢው ተሸፍኖ አለቀሰ።

ያን ቀን ልቤ ተለወጠ ብል ውሸት ነው። እህቴን ይዤ አልሄድኩም፣ ያ ብቻ ነው። በማግስቱ ምሳውን አቀረብኩለት። ለመነጋገር መስከረም እስኪጠባ ቆየን። ከዚያም በኋላ ወሬያችን ስለ በቆሎውና ስለ ከብቶቹ ነበር።

አባቴ ከሞተ ብዙ ዘመኑ ነው፤ እኔም ዕድሜውን አልፌዋለሁ። ሆኖም ክረምት በገባ ቁጥር «ለምን ቆየ?» የሚለው ጥያቄ እንደ አዲስ ይነሣብኛል። ያኔ ነፍሴን «ይቅር በይው» እላታለሁ። እኔም ታክቶኛል፣ እሷም ታክቷታል። ዛሬ ጠዋት እሺ አላለችኝም። ነገም እነግራታለሁ።